የዝይ ጫጩቶቻችን በክረምት እየከሱ ነው፤ የሆድ ትል ይሆን? ሕክምናውና መከላከያውስ?

ሐይቅ ዳር (ቢሾፍቱ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በቢሾፍቱ ከተማ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለው ሣር ላይ ጥቂት ዝዮች እናረባለን። ዕንቁላላቸውን የምንጠቀምበት ቢሆንም ዋናው ሥራቸው ግቢ መጠበቅ ነው፤ ሌሊት ባዕድ ሰው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ከውሻው ቀድመው የሚጮኹት እነርሱ ናቸው። ስለ ዶሮ አያያዝና በሽታ በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ነገር አለ፤ ስለ ዝይ ግን የምፈልገውን ስላላገኘሁ እዚህ ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የተፈለፈሉት ጫጩቶች እስከ ሦስት ሳምንት ዕድሜያቸው ድረስ በመልካም ሁኔታ ያድጉ ነበር። ሐምሌ ከተጋመሰ ወዲህ ግን አንዳንዶቹ ሣር መንጨት ቀንሰዋል፤ እናታቸውን ተከትለው መሄድ ስለሚያቅታቸው ወደ ኋላ እየቀሩ ይቀመጣሉ፤ የደረታቸው አጥንት በእጅ ሲዳሰስ ሥጋ የለበትም፤ ኩሳቸውም ቀጥኗል። ሁለቱ ሞተዋል። ትልልቆቹ ዝዮች ከጫጩቶቹ ጋር በአንድ ሣር ላይ እየዋሉ እስካሁን ምንም የሕመም ምልክት አላሳዩም። ጓሮው በበጋ ደረቅ ነው፤ በክረምት ግን በመጠጫ ገንዳው ዙሪያ ውኃ ይተኛበታል።

ጎረቤቶቻችን ለበግ የሚሰጠውን የአልቤንዳዞል ክኒን ፈጭቼ ውኃቸው ውስጥ እንድጨምር ይመክሩኛል። አያቴ ደግሞ ኮሶ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይበቃል ይላሉ። ለመሆኑ ይህ የሆድ ትል ነው ወይስ ሌላ በሽታ? ትል ከሆነስ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን ይሰጣል? ትልልቆቹም መታከም አለባቸው? ዕንቁላላቸውንስ መብላት እንችላለን? በሚቀጥለው ክረምት እንዳይደገም ምን ማድረግ እንደሚገባኝም ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የላቦራቶሪ ሰው (የእንስሳት ሐኪም)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጫጩቶቹን ሳላይ በሽታው ይህ ነው ብዬ ማረጋገጫ መስጠት አልችልም። ይሁን እንጂ ከጻፉት ውስጥ የጫጩቶቹ ዕድሜ፣ ወቅቱና የትልልቆቹ ጤነኛ መስሎ መታየት ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ። በዝይ ጫጩት ላይ በዚህ መልክ የሚመጣ መክሳት በቅድሚያ የሚያስጠረጥረው አሚዶስቶመም አንሰሪስ የተባለውን ትል ነው። ይህ ትል የሚኖረው አንጀት ውስጥ ሳይሆን ሣርና እህል በሚፈጭበት በጡንቻማው ጨጓራ ውስጥ፣ ከጨጓራው ጠንካራ የውስጥ ሽፋን ሥር ተሰግስጎ ነው። መልኩ ቀይ፣ ቅጥነቱ የክር ያህል ሲሆን ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ሽፋኑ ሲቆስልና ከሥሩ ካለው ሥጋ ሲላቀቅ ጫጩቷ የነጨችውን ሣር መፍጨት ይሳናታል፤ ስለዚህ ምግብ ፊቷ ሞልቶ ሳለ ትከሳለች፣ ደምም ያንሳታል።

የትልልቆቹ ጤነኛ መምሰል ከትሉ ነፃ ለመሆናቸው ማስረጃ አይሆንም። ጎልማሳ ዝይ ጥቂት ትሎችን ተሸክማ ሳትታመም ለረጅም ጊዜ ልትኖር ትችላለች፤ የትሎቹን ዕንቁላል ግን ከኩሷ ጋር በሣሩ ላይ ትበትናለች። ይህ ትል ከዝይ ወደ ዝይ ለመተላለፍ ቀንድ አውጣም ሆነ የምድር ትል አያስፈልገውም። ዕንቁላሉ እርጥበትና መጠነኛ ሙቀት ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽታ ማስተላለፍ የሚችል እጭ ይሆናል፤ እጩ ከሣሩ ወይም ከተኛው ውኃ ጋር ይዋጣል፤ ከተዋጠም በኋላ ከ14 እስከ 25 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ጎልምሶ የራሱን ዕንቁላል መጣል ይጀምራል። ሰኔ አጋማሽ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሐምሌ አጋማሽ ላይ መታመማቸው ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል።

ሌሎች ትሎችም አሉ፤ ምልክታቸው ግን ይለያያል። ጫጩቶቹ አንገታቸውን ዘርግተውና አፋቸውን ከፍተው አየር ለመሳብ የሚታገሉ፣ ጭንቅላታቸውንም የሚያርገበግቡ ቢሆኑ ኖሮ በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚኖሩትን ሲንጋመስንና ሳያቶስቶማን እጠረጥር ነበር። ካፒላሪያ የሚባሉት እጅግ ቀጫጭን ትሎች አንጀትን ያቆስላሉ፣ ያስቀምጣሉም። በዕውር አንጀት የሚኖረው ሄቴራኪስ ደግሞ በራሱ ብዙም ባይጎዳም፣ በግቢዎ ቱርክ ወይም ዶሮ ካለ ለእነርሱ አደገኛ የሆነ ሌላ ተሐዋሲ ይዞ ስለሚዞር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ትል ያልሆነ ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ናያሲን የተባለው ቪታሚን እጥረት ነው። የዝይ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ብዙ ናያሲን ስለሚያስፈልጋት፣ የዶሮ መኖ ብቻ ወይም ፉርሽካ ብቻ ስትመገብ እግሯ ይጣመማል፣ መራመድም ያቅታታል፤ ነገር ግን ከእርስዎ ጫጩቶች በተለየ የመብላት ፍላጎቷ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ሁለተኛው ኮክሲዲያ የሚባል፣ ትል ያልሆነና በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። በዝይ ላይ ኩላሊትን የሚያጠቃ ኢሜሪያ ትሩንካታ የሚባል ዓይነት አለ፤ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ዕድሜ ያላቸውን ያጠቃል፤ የትል መድኃኒት ደግሞ በእርሱ ላይ ምንም አይሠራም። መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ምርመራ እንዲያስደርጉ አጥብቄ የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። እንደ አለመታደል ሌላ ጫጩት ከሞተ ሬሳውን አይጣሉት። ጡንቻማውን ጨጓራ ለሁለት ከፍለው ውስጡ ያለውን ሣርና አሸዋ በውኃ ካጠቡ በኋላ የውስጡን ሽፋን ቀስ ብለው ይላጡት። ጤነኛ ሽፋን ቢጫማና ጠንካራ ነው፤ የታመመው ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ትል ካለም ከሥሩ ቀያይ ሆኖ በዓይን ይታያል። ለኩስ ምርመራ ደግሞ ጠዋት ከተለያዩ ዝዮች ትኩስ ኩስ ሰብስበው፣ የትልልቆቹንና የጫጩቶቹን ለየብቻ በንጹሕ ፕላስቲክ ቋጥረው፣ ፀሐይ ሳያገኘው በዕለቱ ወደ ላቦራቶሪ ይውሰዱ። ቢሾፍቱ መኖርዎ ለዚህ ይጠቅምዎታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚገኘው እዚያው ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ትሉ ዕንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊትም ጫጩትን ሊያሳምም ስለሚችል፣ በጣም ትንንሽ ጫጩቶች ኩስ ውስጥ ዕንቁላል አለመገኘቱ ትል የለም ማለት አይደለም። የትልልቆቹን ኩስ ጭምር ማስመርመሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በጉ ክኒን ልምጣ። አልቤንዳዞል ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ተፈጭቶ ቢጨመር ከገንዳው ሥር ይዘቅጣል። ጤነኞቹ ከላይ ያለውን ውኃ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ሕመምተኞቹ ከመጀመሪያውም ብዙ አይጠጡም፤ በመጨረሻ ከሥር የቀረውን የሚያገኘው ከመጠን በላይ ይወስዳል። መጠኑም ቢሆን በግምት የሚያዝ አይደለም። 300 ሚሊ ግራም የሆነው ክኒን የተዘጋጀው 40 ኪሎ ግራም ለሚደርስ በግ ሲሆን፣ የእርስዎ ጫጩት ምናልባት 2 ኪሎ ግራም እንኳ አትሞላም። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ በአጠቃላይ ለብዙ እንስሳት ደህና ነው ቢባልም፣ በአንዳንድ የአዕዋፍ ዝርያዎች፣ በተለይ በርግቦች ላይ፣ የአንጀት ሽፋንንና የአጥንት መቅኔን ሲጎዳ ታይቷል፤ ስለዚህ ወፍ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መስጠት አይገባም። ዱቄቱን የምትነካው ሰው ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጨርሶ ባትነካው ይሻላል፤ ለፅንስ የማይስማማ መድኃኒት ነውና።

ስለ ኮሶ የአያትዎን ቃል አላቃልልም፤ ኮሶ ለሰው የኮሶ ትል ለዘመናት የተሠራበት መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሚያሽረው ከጠፍጣፋው ትል ነው፤ እኛ የምንጠረጥረው ትል ግን ድቡልቡል ነው። ከዚህም ሌላ ለዝይ የተወሰነ መጠን የለውም፤ ሰውን እንኳ መጠኑ ሲበዛ የሚያውክ መድኃኒት ደካማ ጫጩትን ምን እንደሚያደርጋት መገመት አያዳግትም። ነጭ ሽንኩርት ከመኖ ጋር ቢሰጥ አልቃወምም፤ ከጨጓራ ሽፋን ሥር የተሰገሰገ ትል ግን በሽንኩርት ይወጣል ብዬ አልጠብቅም።

ጓሮ አርቢ (እንግሊዝ አገር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዝይ በብዛት ከሚረባበት አገር ስለምኖር እዚህ የሚደረገውን ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ለዝይ ጭምር የተፈቀደው የትል መድኃኒት ፍሉቤንዳዞል ሲሆን፣ ለጓሮ አርቢዎች የሚሸጠው 1 በመቶ የሆነው ዱቄት ነው። 60 ግራሙ ከ20 ኪሎ ግራም መኖ ጋር ተደባልቆ ለ7 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ ይህም በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም መኖ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይኖራል ማለት ነው። ዱቄቱ በመኖው ላይ እንዲጣበቅ ጥቂት የምግብ ዘይት በመኖው ላይ መርጨት የተለመደ ነው፤ አለበለዚያ ዱቄቱ ከገንዳው ሥር ይቀራል።

በወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ችግር ግን ዝይ ሣር በል መሆኗ ነው። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ከመኖው ስለማትርቅ መድኃኒቱን ሳታውቀው ትጨርሳለች። ዝይ ግን ለምለም ሣር ካገኘች መኖውን ዞር ብላም አታየው፤ ባለቤቷ መድኃኒት ሰጠሁ ብሎ ይተኛል፣ እርሷ ግን የተቀበለችው ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእነዚያ 7 ቀናት ዝዮቹን ሣር በሌለበት፣ ደረቅ ጉዝጓዝ በተነጠፈበት ቦታ ዘግቶ ከመድኃኒታማው መኖ በስተቀር ሌላ አለማቅረብ ያስፈልጋል። ዝዮች በዚህ አይደሰቱም፤ ጩኸታቸውም ጎረቤት ያስመርራል፤ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለውም። ውኃ ግን ጭንቅላታቸውን እስኪነክሩ ድረስ ጥልቅ በሆነ ዕቃ ሊቀርብላቸው ይገባል፤ ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን የሚያጸዱት በዚያ ነው።

መዝጋቱ ሌላም ጥቅም አለው። በእነዚያ ቀናት የሚጣለው ኩስ በአንድ ቦታ ስለሚከማች ጠርጎ መውሰድ ይቻላል። እዚህ ብዙ ሰው የሚወድደው የተፈጨ ነጭ የድንጋይ ዱቄት አለ፤ ዲያቶማይት ይሉታል፤ የሆድ ትልን ይገድላል እየተባለም ይሸጣል። በእኔ ግምት ገንዘብ ከማባከን አያልፍም፤ ዱቄቱም ሲተነፈስ ለሰውም ለወፍም ሳንባ አይበጅም።

የሐዋሳ ዳክዬ (ሐዋሳ)፦

እኔ ዳክዬና ዝይ አብሬ ስለማረባ ከላይ ያልተነሣ ነገር ልጥቀስ። ሁለቱ ሐኪሙ የጠቀሱትን ዓይነት ትሎች በከፊል ይጋራሉ። በግቢው ኩሬ ወይም ከሐይቅ የሚመጣ ውኃ ካለ ደግሞ ጠፍጣፋ ትሎች ይጨመራሉ። የዝይ ጠፍጣፋ ትል የሆነው ድሬፓኒዶቴኒያ ላንሲዮላታ በውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ሳይክሎፕስ የመሳሰሉ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ፍጥረታትን ከውኃው ጋር በመዋጥ ይያዛል፤ ቅጠል መሰል ትሎች ደግሞ ቀንድ አውጣን ይጠቀማሉ። በሐይቆቻችን ዳርቻ የሚውሉት የዱር ዝዮችና ዳክዬዎች ተመሳሳይ ትሎችን ስለሚሸከሙ፣ የጓሮ ዝይን ወደ ሐይቅ ዳር ማሰማራት ለዝይዋ ደስታ ቢሆንም አደጋ አለው። ቢሾፍቱም ሐይቅ የሞላበት ስለሆነ ጠያቂዋ ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

እኔ በበኩሌ ይህን ሁሉ ከማሰላሰል በየሦስት ወሩ ለሁሉም መድኃኒት መስጠቱን መርጫለሁ። ባለፉት ዓመታት አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞልን እያፈራረቅሁ እሰጣለሁ፤ ዝዮቼም ደህና ናቸው።

የላቦራቶሪ ሰው (የእንስሳት ሐኪም)፦

ስለ ኩሬና ሐይቅ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ሳልጠቅሰው አልፌዋለሁ። ስለ ቀን መቁጠሪያው መድኃኒት ግን አልስማማም። አይቨርሜክቲን በጠፍጣፋ ትልም ሆነ በቅጠል መሰል ትል ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ የሐይቅ ውኃ ለሚጠጡ ዝዮች ያሰቡትን ጥበቃ አይሰጥም። በስብ ውስጥ ስለሚከማችም ወደ ዕንቁላል ይገባል፤ ዕንቁላሉን ለሚበላ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጠፍጣፋ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ቢሆን በምርመራ ሲረጋገጥ የሚታዘዝ ነው።

ሌላው ነገር የመድኃኒት መላመድ ነው። በየሦስት ወሩ፣ ትል ይኑር አይኑር ሳይታወቅ፣ ያውም ክብደት ሳይመዘን የሚሰጥ መድኃኒት የሚገድለው ደካማዎቹን ትሎች ብቻ ነው፤ የተረፉት ጠንካሮች ግቢውን ይወርሱታል። በአገራችን በጎችና ፍየሎች ላይ መድኃኒት የተላመዱ ትሎች መኖራቸው በምርምር የተመሰከረ ነው፤ ዝይ ከዚህ ነፃ የምትሆንበት ምክንያት የለም። ኩስ ማስመርመር ከመድኃኒቱ ዋጋ የበለጠ አያስወጣም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ክረምት ሊገባ ሲልና ክረምት ሲወጣ ቢደረግ፣ አብዛኛው የጓሮ አርቢ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሚገምተው ባነሰ ጊዜ ሆኖ ያገኘዋል።

ሐይቅ ዳር (ቢሾፍቱ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመልሳችሁ በኋላ አንዲት ጫጩት ስለሞተች ከጎረቤታችን ከሆነ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ጋር ሆነን ጨጓራዋን ከፈትነው። ሽፋኑ በአንድ በኩል ጠቁሮ ተላቅቋል፤ ሲላጥም ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ከሥሩ ታይተዋል። የትልልቆቹ ኩስ ላቦራቶሪ ሲታይ የዚሁ ዓይነት ትል ዕንቁላል የመሰለ ተገኝቶበታል፤ የመረመሩት ባለሙያ ግን ከሌላ ተቀራራቢ ትል ዕንቁላል ለመለየት እንደሚያስቸግር ነግረውኛል። ሐኪሙ ለጫጩቶቹም ለትልልቆቹም ፌንቤንዳዞል የተባለውን ፈሳሽ መድኃኒት፣ እያንዳንዳቸው ተመዝነው፣ በአፋቸው እንዲሰጣቸው አዘዋል።

የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ መድኃኒቱን በአፋቸው ስሰጥ እንዳይታነቁ ምን ላድርግ? ካበቃሁ በኋላ መዳናቸውን በምን አውቃለሁ? ዕንቁላሉን እስከ መቼ ልተው? ሣሩንስ ምን ላድርገው? ኖራ ብነሰንስበት ይጠቅማል?

የላቦራቶሪ ሰው (የእንስሳት ሐኪም)፦

የሽፋኑ መጥቆርና ከሥሩ ቀያይ ትሎች መታየታቸው ነገሩን ቆርጦታል። የዕንቁላሉ መመሳሰል እውነት ነው፤ በዕውር አንጀት የሚኖረው ትሪኮስትሮንጂለስ የሚጥለው ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከአሚዶስቶመም ጋር ይቀራረባል። በዓይን ያያችሁት ትል ስላለ ግን ለሕክምናው ልዩነት አያመጣም።

መድኃኒቱን ሲሰጡ ዝይዋን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጭንቅላቷ ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ ሳይቀና፣ ከጉልበትዎ ላይ ይያዟት። መርፌ ያልተሰካበትን ሲሪንጅ በምንቃሯ ጎን አስገብተው፣ በምላሷ ሥር መካከል ላይ ያለውን የአየር ቧንቧ ቀዳዳ አልፈው፣ ወደ ጉሮሮዋ የኋላ ክፍል ቀስ እያሉ ይልቀቁ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይግፉ። ከመስጠትዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣልና። ክብደቱን በዕለቱ ይመዝኑ፤ የዝይ ጫጩት በፍጥነት ስለምታድግ ያለፈው ሳምንት ሚዛን ዛሬ አይሠራም። ሐኪሙ ያዘዙትን ቀናት ሳያቋርጡ ይጨርሱ፤ በሁለተኛው ቀን መብላት ስለጀመሩ ብቻ ማቆም አይገባም። ከትልልቆቹ መካከል ላባ በመቀየር ላይ ያለች ካለች አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ይህ መድኃኒት በዚያን ጊዜ ሲሰጥ አዲስ የሚበቅለውን ላባ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ሕመም የሌለባት ከሆነች ላባዋን ቀይራ እስክትጨርስ ማቆየት ይቻላል።

ዕንቁላሉን በተመለከተ ለዝይ በጥቅሉ ላይ የተጻፈ የመጠበቂያ ጊዜ ስለማይኖር፣ ቁጥሩን መወሰን ያለባቸው መድኃኒቱን ያዘዙት ሐኪም ናቸው። መድኃኒቱ እየተሰጠ ባለበት ጊዜና ሐኪሙ በሚወስኑት ጊዜ ውስጥ የሚጣለውን ዕንቁላል ለሰውም ለውሻም አይስጡ። ትሉ ራሱ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዚህ ልጆችዎን አያስፈሯቸው። የዝይ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን፣ ሰውን የሚያስቀምጡ ባክቴሪያዎች ሊይዝ ስለሚችል ግን ልጆች ከጓሮ ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸው የማይታለፍ ነው።

ሕክምናው ካበቃ ከ2 ሳምንት በኋላ ኩሱን በድጋሚ ያስመርምሩ። ዕንቁላሉ ጨርሶ ከጠፋ ወይም እጅግ ካነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ እንደበፊቱ ካለ ወይ መጠኑ አንሷል ወይ ትሉ መድኃኒቱን ለምዷል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ሌላ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ያዝዛሉ። የከሱት ጫጩቶች ግን ትሉ ቢሞትም ወዲያው አይሰቡም። የጨጓራው ቁስል እስኪሽር ድረስ ጠንካራና ረጃጅም ሣር ከመስጠት ይልቅ ቀንበጥ ሣር፣ በደቃቁ የተከተፈ ሰላጣና የራሰ መኖ ያቅርቡላቸው፤ ንጹሕ ጥቃቅን ጠጠርም ከጎናቸው አይጥፋ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን የሚቀረው መሬቱ ላይ ነው። ዛሬ የታከመች ዝይ ነገ ወደዚያው እርጥብ ሣር ከተመለሰች በማግስቱ አዲስ እጭ ትውጣለች። በሕክምናው ቀናት ዝዮቹን ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ዘግተው ያቆዩአቸው፤ እንግሊዝ ያለው ወንድማችን የነገሩን ለዚህም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ጓሮውን በአጥር ቢያንስ ለሁለት ይክፈሉት፣ የሚቻል ከሆነ ለሦስት፤ አሁን የተበከለው ክፍል እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ማንም ዝይ አይርገጠው። ሣሩን አሳጥረው ቢያጭዱት ፀሐይ እስከ መሬቱ ትደርሳለች። እጩን የሚገድለው ድርቀትና ሙቀት ነው፤ ቅዝቃዜን ግን በደንብ ይቋቋማል፤ ስለዚህ በክረምት ማሳረፍ ብቻውን ብዙ አይፈይድም፣ በጋው ሲገባ ግን የቢሾፍቱ ፀሐይ ትልቅ ረዳት ነው። በግ ወይም ጥጃ ካለዎት በዚያ ክፍል ያሰማሩት፤ የዝይ ጨጓራ ትል በእነርሱ ሆድ ውስጥ ስለማይኖር እጩን ከሣሩ ጋር ውጠው ያጠፉታል። ዶሮ ግን አታሰማሩበት፤ ሄቴራኪስንና ካፒላሪያን ከዝይ ጋር ትጋራለች።

ኖራ ሣር ላይ መነስነስ አልመክርም። የዝዮቹን እግር ያቃጥላል፤ የትል ዕንቁላልንም ሆነ እጭን በሣር መካከል በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም። ለሰው ቤት የምንጠቀምባቸው ተራ ፀረ ተሐዋሲያን ፈሳሾችም የትል ዕንቁላል ቅርፊትን አይበሱም። የቤታቸው ወለል ሲሚንቶ ከሆነ ጠርገው የፈላ ውኃ ያፍስሱበት፤ አፈር ከሆነ የላይኛውን አፈር ገፍፈው በደረቅ አሸዋ ይተኩት። ጉዝጓዙንና ኩሱን ከዝዮቹ ርቆ ይከምሩትና እየገለበጡ ያብላሉት፤ የክምሩ ውስጥ ሙቀት ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲደርስ ዕንቁላሎቹ ይሞታሉ። ዳር ዳሩ ስለማይሞቅ መገልበጡ የግድ ነው።

በገንዳው ዙሪያ የሚተኛውን ውኃ ቦይ ቀድደው ያስወጡት። ገንዳውን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት መድረክ ላይ ቢያስቀምጡትና ከሥሩ ጠጠር ቢደፉበት፣ የሚፈስሰው ውኃ ወንፊቱን አልፎ ይሰርጋል እንጂ ጫጩቶቹ ከጭቃው ጋር አይጠጡትም። የሚቀጥለውን ዓመት ጫጩቶች ደግሞ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልልቆቹ ባልዋሉበት ክፍል ያሳድጓቸው፤ ክፍሎቹን ሲያፈራርቁም ሁልጊዜ ጫጩቶቹ ይቅደሙ፣ ትልልቆቹ ይከተሉ፤ ተገላቢጦሹ ከሆነ ጫጩቶቹ የሚነጩት ትልልቆቹ የበከሉትን ሣር ይሆናል። እናታቸው ከጫጩቶቹ ጋር መቆየቷ ግድ ከሆነ፣ ዕንቁላሏን ታቅፋ ከመቀመጧ በፊት ኩሷ ይመርመር፤ ትል ከተገኘባትም ከመታቀፏ አስቀድማ ትታከም። የቀሩትን ትልልቅ ዝዮች ኩስ ደግሞ ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ወደ ላቦራቶሪ ይውሰዱ።